አራተኛው ሥዕል

ዘጠነኛውም አልተከፈተም። ፋይሉን ስትነካው ኮምፒውተሩ ጥቂት ዘገየና ለቀደሙት ስምንቱ የሰጠውን መልስ ደገመ፤ ይህ ምስል ሊነበብ አይችልም። የድረ ገጽ ሠሪዋ እጇን ከማውሱ ላይ አንስታ ጭኗ ላይ አሳረፈች። ስትናደድ ድምፅዋ አይለወጥም፣ ፊቷም አይቀያየርም፤ መናደዷን የሚያውቁት እጇን እንዲህ ስታሳርፍ ያዩ ሁለት ሦስት ሰዎች ብቻ ነበሩ።

ከጀርባዋ የቆመው የሕዝብ ግንኙነት ክፍል ኃላፊ ከእነዚህ ሰዎች አንዱ አልነበረም። የሕፃናት ሆስፒታሉ ሠራተኞች በሌለበት «አሁኑኑ» ይሉታል፤ ይህን ቃል ሳይናገር ውሎ አያውቅምና።

«ሁሉም ጄፔግ ናቸውኮ» አለ ጎንበስ ብሎ የፋይሎቹን ስም በጣቱ እየተከተለ። «ይኸው፣ ነጥብ ጄፒጂ ይላል። ይኼም ይላል። ይኼም።»

«ይላል። እንዲል ያደረገው ማነው?»

«እኔ ነኛ። ትናንት ቁጭ ብዬ አንድ በአንድ ቀየርኳቸው። ጄፔግ ካልሆነ ድረ ገጹ አይቀበልም ያልሽኝ አንቺ አይደለሽ?»

የፋይልን ስም መቀየር ፋይሉን እንደማይቀይረው በዝግታ አስረዳችው። በጨው ጣሳ ላይ ስኳር ብለው ቢጽፉበት ሻዩ እንደማይጣፍጥ ነገረችው። ኃላፊው እስክትጨርስ በትዕግሥት አዳመጣትና፣ ስህተት ከሆነ ኮምፒውተሩ ለምን ዝም ብሎ እንደቀየረለት ጠየቃት። ከጠዋቱ ነገር ሁሉ ይበልጥ ያበሸቃት ይኸው ነበር፤ ጥያቄው ተገቢ ነው።

የቀድሞ ስማቸውን መልሳ ስትመረምራቸው ፋይሎቹ ጭራሹን ሥዕሎች አልነበሩም። ማተሚያ ቤቱ የሆስፒታሉን የሕፃናት ጤና ካርድ ያዋቀረበት የሥራ ሰነድ ቁርጥራጮች ናቸው፤ እነሱን የሚከፍት ፕሮግራም ደግሞ ሆስፒታሉ ውስጥ የለም። ሰዓቱ ከጠዋቱ ሦስት ተኩል ሆኗል። ገጹ የሚመረቀው በዚሁ ቀን ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው።

የገጹ ሐሳብ የመነጨው ከጉበት ሐኪሟ ነበር። አንዳንድ ሕፃን የሐሞት መስመሩ እንደተዘጋ ይቀርና ዓይነ ምድሩ ቀስ በቀስ እየገረጣ ይሄዳል። ቀዶ ጥገናው ሁለተኛው ወር ሳያልፍ ከተደረገ ጥሩ ተስፋ አለው፤ ከዚያ በኋላ ተስፋው በየሳምንቱ እየጠበበ ይመጣል። ነገር ግን እየጠባ፣ እየወፈረና ለጠራው ሁሉ እየሳቀ ያለን ሕፃን፣ የዳይፐሩ ቀለም ነጣ ስላለ ብቻ ማን ሐኪም ቤት ይወስደዋል? ከሦስት ዓመት በፊት ዶክተሯ አንድ ካርድ አሳትመው ነበር። ዘጠኝ ትናንሽ ሥዕሎች አሉት፤ ከአንድ እስከ ስድስት የገረጡ፣ ከሰባት እስከ ዘጠኝ ጤናማ። እናት ካርዱን ከዳይፐሩ አጠገብ አድርጋ ታመሳክራለች። ሁለት መቶ ታተመ፣ በሁለት ወር አለቀ፣ ከዚያ በኋላ የሚያሳትመው ጠፋ። አሁን እነዚያው ዘጠኝ ሥዕሎች በያንዳንዷ እናት ስልክ ላይ ሊከፈቱ ነው። ዶክተሯ በመጪው ቅዳሜ ጡረታ ይወጣሉ።

የሥዕሎቹ አመጣጥ ግን ራሱን የቻለ ታሪክ ነው። ኃላፊው መጀመሪያ የላከላት ዘጠኙንም የለጠፈበትን የጽሑፍ ሰነድ ነበር፤ ነቅላ ብታወጣቸው ከአውራ ጣት ጥፍር አይበልጡም። ቀጥሎ ዶክተሯ ዘንድ የቀረውን ብቸኛ ካርድ በስልኩ አንስቶ ላከ፤ የካሜራው ብልጭታ ካርዱን ለሁለት ከፍሎታል፣ ጥጉ ላይም የራሱ ጣት ጉብ ብሏል። በስካነር ይወሰድ ብትል የሆስፒታሉ ስካነር ከጥቁርና ነጭ ሌላ አያውቅም። በሦስተኛው ሳምንት ደስ ብሎት አንድ የሚንቀሳቀስ ጂፍ ይዞ መጣ፤ ዘጠኙ ሥዕሎች በየተራ ብቅ ሲሉ ከዋክብት ይረግፉባቸዋል። ከዋክብቱን በዝምታ አለፈቻቸው። ጂፍ ከሁለት መቶ ሃምሳ ስድስት ቀለም በላይ እንደማይሸከምና ቀስ እያለ የሚገረጣን ነገር ለማሳየት እንደማይበቃ ስትነግረው፣ «ለእሱ ነገር ስንት ቀለም ያስፈልገዋል?» አላት። የነገሩን ስም አፉ ላይ አድርጎት አያውቅም፤ በደብዳቤም ቢሆን የሚጽፈው «ናሙናው» እያለ ነው።

ክፉ ሰው ግን አልነበረም። ኮንትራቷ በየዓመቱ የሚታደሰው በእሱ ፊርማ ሲሆን አንድም ቀን አጉላልቷት አያውቅም። የሚያስቸግረው መርዳት መውደዱ ነው።

በዚያ ጠዋት ግን ማተሚያ ቤቱ ዘንድ ራሷ ደወለች። ያነሳው ሰውዬ ትሑት ነበር። የምትፈልገውን ቃል በቃል ነገረችው፤ ዘጠኙ ሥዕሎች ለየብቻ፣ በፋይል መልክ፣ በኢሜይል እንጂ በስልክ መልእክት እንዳይልካቸው፣ የመልእክት መላላኪያው ሥዕል ሲያሳልፍ ይጨምቃልና። ሰውዬው እያንዳንዱን ነጥብ እሺ እያለ ተቀበለ። ከሃያ ደቂቃ በኋላ ኃላፊው ስልኩን ከፍ አድርጎ እያውለበለበ ገባ። ሥዕሎቹ መጥተዋል፤ በስልክ መልእክት፣ በእሱ ቁጥር። ሰውዬው ኢሜይሏን የጻፈበት ወረቀት ጠፍቶበት የሚያውቀው ቁጥር ላይ ልኳቸዋል፤ ኃላፊውም ሳይውል ሳያድር ወደ እሷ አስተላልፏቸዋል።

ከፈተቻቸው። ተከፈቱ። ዘጠኙም ጥርት ብለው ከማያው ላይ ተሰለፉ፤ ለስልክ የሚበቃ ስፋት አላቸው። በስልክ መልእክት ስለመጡ ያን ጊዜ ለላኪው መመለስ ነበረባት። ሰዓቱን አየች፤ አምስት ሰዓት ሊሞላ ነው። አልመለሰቻቸውም።

ቀሪው የምትወደው ሥራ ነበር። እያንዳንዱን ሥዕል ለክታ ቆረጠች፣ ክብደቱን ቀነሰች፣ ቁጥሩን አጠገቡ ጻፈች። ቀለል ያለውን አዲሱን ፎርማት ለአዳዲስ ስልኮች አደረገችና አሮጌ ስልክ ባዶ ሳጥን እንዳያይ ከሥሩ ጄፔግ አስቀመጠችለት። ከዚያ እንደ ልማዷ ሊንኩን ለእናቷ ላከች። የእናቷ ስልክ የመስታወቱ ጥግ የተሰነጠቀ፣ ትዕግሥት የሚፈታተን አሮጌ ነው፤ እዚያ ላይ ያልተከፈተ ገጽ አልተሠራም ብላ ነው የምታምነው። ቀጥላ ደወለች።

«እማ፣ የላክሁልሽን ተጭነሽ ስንት ሥዕል እንደሚታይሽ ንገሪኝ።»

«ባለፈው የላክሽው ስልኬን እንደ ካውያ ነው ያጋለው።»

«ይኼ ቀላል ነው።»

እናቷ ጥቂት ተነፈሰች፣ ጥቂት አጉረመረመች። ከዚያ ድምፅዋ ጠፋ።

«እማ?»

«አምስት ዓመት ዩኒቨርሲቲ አስተምሬሽ» አለች እናቷ ቃላቱን አንድ በአንድ እያስቀመጠች፣ «ካካ ነው የላክሽልኝ?»

«ስንት ነው?»

«ዘጠኝ። ጎረቤት ሲያየኝ ምን እያየሁ ነው ልበል?»

«የልጄን ሥራ በያቸው።»

እናቷ ሳትወድ ሳቀች። ገጹ ቶሎ መከፈቱን፣ ፊደሉም ያለ መነጽር መነበቡን መሰከረች። ልጅቷ አመስግና ልትዘጋ ስትል ግን እናቷ አንድ ነገር አልገባኝም አለች።

«ከላይ ያሉትን ‹ቶሎ ወደ ሐኪም› ይላቸዋል። ምን ሆነው?»

«ገርጥተው ነዋ። ነጣ ያሉት ናቸው።»

«የቱ ነው የነጣው? እኔ አራት ልጅ አሳድጌያለሁ፣ አታሞኚኝ። የመጀመሪያዎቹ እሺ። ይቺ አራተኛዋ ግን ምኗም አልታመመ፤ ደህና ቢጫ ናት። ወንድምሽ ጡት እስኪጥል እንዲህ ነበር። እሱን ሐኪም ቤት ብወስደው ያባርሩኝ ነበር።»

ስልኩን ከዘጋች በኋላ የድረ ገጽ ሠሪዋ አራተኛውን ሥዕል ለረጅም ጊዜ አየችው። ቢጫ ነው። ጠዋትም ቢጫ ነበር። ዶክተሯ ያን ሥዕል ከገረጡት መካከል ካስቀመጡት አንድ የሚያውቁት ነገር ይኖራል ብላ አልፋዋለች፤ ካርዱን ግን ያ ብልጭታ ለሁለት ከከፈለው ፎቶ ውጭ በዓይኗ አይታው አታውቅም። አንድ ወር ሙሉ ስለ ፋይል ዓይነት ስትከራከር፣ ሁለት ፎቅ ወጥታ ሥዕሉን ራሱን ማየት አልታሰባትም።

ደረጃውን ስትወጣ የምትናደደው በኃላፊው መሆኑ ቀርቶ ነበር።

ዶክተሯ ክፍላቸውን እያራገፉ ነው። መጻሕፍታቸው በካርቶን ተሞልተው በሩ አጠገብ ተደርድረዋል። ካርዱን ከጠረጴዛው መሳቢያ፣ ከፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ አወጡት። የድረ ገጽ ሠሪዋ ስልኳን ከካርዱ ጎን አስቀመጠች። በካርዱ ላይ አራተኛው ሥዕል እርጥብ ኖራ ይመስላል፤ ግራጫ ያረፈበት፣ ደም የሌለው ነጭ። በስልኩ ላይ ያው ሥዕል፣ ያው ቅርጽ፣ ያው የዳይፐሩ እጥፋት ጭምር፣ ቢጫ ነው። አምስተኛውና ስድስተኛውም ወደ ጤና ተጠግተዋል።

«ይኼ ምን ነካው?» አሉ ዶክተሯ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ አድርገው።

ነገረቻቸው። ሥዕሎቹ የተሰናዱት ለወረቀት፣ ለአራቱ የማተሚያ ቀለሞች ነው፤ ማያ ግን ቀለም ሳይሆን ብርሃን ነው የሚያሳየው። በእያንዳንዱ ፋይል ውስጥ ቀለሙ እንዴት መነበብ እንዳለበት የምትናገር አንዲት ትንሽ ማስታወሻ ትቀመጣለች። የመልእክት መላላኪያው ሥዕሎቹን ሲጨምቅ ማስታወሻዋን ጣላት፣ ከዚያ በኋላም ቀለሙን በራሱ ግምት አነበበው። አንዴ እንዲህ ከሆነ ከዚያ ሥዕል ውስጥ እውነተኛውን ቀለም ማውጣት አይቻልም። እሷም ማስታወሻዋ መኖር አለመኖሯን ሳታይ ተቀበለቻቸው።

የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ስትናገር ድምፅዋ አልተለወጠም። ዶክተሯ ካርዱን መልሰው አነሱት።

«እኔ ልዩነቱን የማየው ሁለቱን ጎን ለጎን ስላደረግሽልኝ ነው» አሉ። «ሰው ሁሉ እንዲህ ይሳሳታል?»

ይህን ለማወቅ አንድ መንገድ ብቻ ነበር። ካርዱን ተውሳ ወደ ክትባት ክፍሉ ወረደች። በኮሪደሩ አግዳሚ ወንበሮች ላይ ሕፃናት ያቀፉ ሴቶች ተደርድረዋል፤ ተራ አስከባሪዋ ነርስ ከሁሉም በላይ እየጮኸች ታረጋጋለች። የድረ ገጽ ሠሪዋ ከማታውቀው ሰው ጋር ወሬ መጀመር ጥርስ ከመነቀል የማይተናነስባት ሴት ናት። ነርሷ ጉዳዩን በሁለት ቃል ከሰማች በኋላ ግን አራተኛው ሥዕል የተከፈተበትን ስልክና ካርዱን ከእጇ ነጥቃ፣ እንደ ሎተሪ ሻጭ በወንበሮቹ መሀል አለፈች።

«እናቶች፣ አንድ ጊዜ እዩልን፤ ስልኩ ላይ ያለው፣ ካርዱ ላይ ካሉት የትኛውን ይመስላል? ሽልማት የለውም።»

«ምንድነው ሲስተር?» አለች አንዷ አንገቷን አስግጋ።

«በየቀኑ የምትጠርጊው።»

ሳቁ በኮሪደሩ ዳር እስከ ዳር ሄደ። ካዩት ሰባት ሴቶች አምስቱ በካርዱ ላይ ጣታቸውን ያሳረፉት ሰባተኛው ላይ ነው፤ ከጤናማዎቹ። አንዷ፣ ስልክሽ ነው ወይስ ዓይኔ የደከመው ብላ መምረጥ እንቢ አለች። አንዲት ገና ልጅነቷ ያልለቀቃት ወላድ ብቻ አራተኛውን ነካች፤ እሷም የዳይፐሩን እጥፋት አይታ ነው። ነርሷ በራሷ ስልክ ብትከፍተው እዚያ ደግሞ ወደ አረንጓዴ የሚወስደው ሆነ።

ማተሚያ ቤቱ ዘንድ ደግማ ደወለች። ትሑቱ ሰውዬ በጣም አዘነ። ሥዕሎቹን የያዘው ባለሙያ ማስታወቂያ ሊሰቅል ወጥቷል፣ ኮምፒውተሩን በይለፍ ቃል ዘግቶት ሄዷል፣ ስልኩም መሰላል ላይ ሲሆን አይነሳም። ነገ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ፣ በእርግጠኝነት።

ኃላፊውን ያገኘችው አዳራሹ ውስጥ ወንበር ሲያስደረድር ነው። ከመድረኩ በስተጀርባ ትልቁ ማያ ተሰቅሏል፤ ዳይሬክተሩ የሚጫኑት አዝራር በሥዕል ተሠርቶ መሀሉ ላይ በርቷል። አዝራሩን የሠራችው እሷ ናት። የሆነውን ሁሉ በአጭሩ ነገረችው። ከወንበሮቹ ዓይኑን ሳያነሳ ሰማት።

«ቢጫ ቢጫ ነው፣ እህቴ።»

«አንደኛው ቢጫ እናትየውን ቤቷ ያስቀራታል።»

«እሺ፣ ትንሽ ነጣ አድርጊያት። አሁኑኑ ይደርሳል።»

«በዓይኔ ግምት?»

«ዓይንሽ ምን ሆነ? እኔ ካንቺ የተሻለ ዓይን አላየሁም።»

ሊያስቃት ፈልጎ ነበር። ማሞካሸቱ ባይሠራም ሐሳቡን ሞከረችው፤ ወደ ክፍሏ ተመልሳ ግማሽ ሰዓት ያህል ቢጫውን እየቀነሰች፣ ግራጫውን እየጨመረች ካርዱን ለመምሰል ታገለች። በእሷ ማያ ላይ ሲመስል በነርሷ ስልክ ላይ አይመስልም፤ በነርሷ ስልክ ላይ ሲመስል የእሷ ስልክ ላይ ሬሳ ይሆናል። የሕፃን ሕመም እሷ ወንበር ላይ ተቀምጣ ስትቀባው መገኘቷ ድንገት ታወቃትና ፋይሉን ሳታስቀምጥ ዘጋችው። ኃላፊው እዚያው በሩ ላይ ደርሶ ነበር።

«አትሆንም?»

«አትሆንም። ያለ ሥዕል እንክፈተው፤ ወይም ለነገ ይተላለፍ።»

በዚህ ጊዜ ቁጭ አለ። ለሰባት ዓመት አብረው ሲሠሩ ከፊቷ ቁጭ ብሎ የተናገራት ጊዜ ጥቂት ነው። እንግዶቹ መንገድ ላይ ናቸው አላት። ዳይሬክተሩ ንግግራቸውን አዘጋጅተዋል፣ ንግግሩም ውስጥ ሥዕል የሚለው ቃል አሥራ አንድ ጊዜ አለ፤ እሱ ራሱ ነው የጻፈው። ስለ ሥዕል ገጽ ጠርቶ ባዶ ገጽ ማሳየት ሰርግ ጠርቶ ሙሽራ ማጣት ነው።

«ዛሬ ይከፈት፣ ነገ ጠዋት ታስተካክያለሽ» አለ። «በአንድ ሌሊት ማን ያየዋል?»

«ይህንን ነው የማላውቀው።»

«እኔንም ከዳይሬክተሩ ጋር ቅያሜ ውስጥ አታስገቢኝ። ለኔ ስትይ።» ተነሣና በሩ ላይ ደርሶ ዘወር አለ። «ዶክተሯን ጠይቂያቸው። ገጹ የሳቸው ነው። እሳቸው ይከፈት ካሉ ይከፈታል።»

ዶክተሯ ይከፈት አሉ።

ነጭ ጋዋናቸውን ለዝግጅቱ እየለበሱ ነበር፤ የተተኮሰው እጅጌ አልገባ ብሏቸው የድረ ገጽ ሠሪዋ ያዘችላቸው። ከሰባቱ አምስቱ መሳሳታቸውን ስትነግራቸው ዓይናቸውን ጨፈን አድርገው ሰሙ።

«ልጄ፣ እኔ ቅዳሜ እወጣለሁ» አሉ። «ካርዱን አሳተምኩ፣ አለቀ፣ ጨርሰናል ተባለ። ይኼም ዛሬ ካልተከፈተ መሳቢያ ይገባል። ከኔ በኋላ ስለ ሕፃን ዓይነ ምድር ስብሰባ የሚጠራ ሰው ያለ ይመስልሻል? ይከፈት። ከስድስቱ ሦስቱ እንኳን ልክ ናቸው።»

«እሺ፣ ዶክተር።»

የጋዋናቸውን ቁልፎች ቆለፉ። ከዚያ፣ ያልተጠየቁትን፣ አንድ አባት አስታወሱ። ልጁን ይዞ የመጣው በአራተኛ ወሩ ነው። ሕፃኑ ወፍሯል፣ ይስቃል፤ ጉበቱ ግን አልቆለታል። ለምን ቆያችሁ ሲሉት፣ ደህና ነው ተብለን ነው አላቸው። ማን አላችሁ ሲሉት፣ ጎረቤታችን ናት፣ ብዙ የወለደች ናት አላቸው።

«በሷ አልተቆጣሁም» አሉ ዶክተሯ። «ጎረቤት ናት፤ ያየችውን ነው የተናገረችው። እኛ ደህና ነው ብለን ቢሆን ኖሮ ግን…»

ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሱትም። የጨረሱት መስሏቸውም ሊሆን ይችላል። መነጽራቸውን አስተካክለው የድረ ገጽ ሠሪዋን ፊት ለፊት አዩዋት፤ ስለ ሥዕል ፋይል እሳቸው ምንም እንደማያውቁ፣ የምታውቀው እሷ መሆኗን ነግረዋት፣ ግድግዳውን እየተደገፉ ደረጃውን መውረድ ጀመሩ። ይህ ፈቃድ ይሁን ትእዛዝ፣ ወይስ ሸክምን ማውረድ፣ አልለየላትም።

ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ወንበሯ ላይ ነበረች። ዘጠኙን ሥዕሎች አንድ በአንድ ከገጹ ላይ አነሳች። ልክ የሆኑትን የመጀመሪያዎቹን ሦስቱን ብቻ ገጹ ላይ ማስቀረት አስባ ነበር፤ እናት ከቀሩት ጋር ስታመሳክር የሌለውን ጤናማ ትለዋለች ብላ ተወችው። ባዶው ነጭ ገጽ ላይ ጠቋሚው ብልጭ ድርግም ይላል።

መጻፍ ካሰበችው በላይ ከባድ ሆነ። ሥዕል ሲኖር ቃል አያስፈልግም ነበር፤ አሁን ቃሉ ሥዕሉን ሊሆን ነው። «የገረጣ» ብላ ጻፈችና ከምን አንጻር ብላ ሰረዘችው። «ነጣ ያለ» አለችና ይህንንም ሰረዘችው፤ እናቷ «የቱ ነው የነጣው?» ያለችው ጆሮዋ ላይ አለ። የዶክተሯን ካርድ ከፊቷ አቆመችና የምታየውን ብቻ ጻፈች።

«የልጅዎ ዓይነ ምድር እርጥብ ኖራ፣ አመድ ወይም ነጭ ሸክላ ከመሰለ፣ ልጅዎ እየጠባና እየሳቀ ቢሆንም፣ ነገ ሳይሉ ወደ ሕፃናት ሐኪም ይውሰዱት። በቀን ብርሃን ይመልከቱት። ከስልክ ላይ ፎቶ ጋር አያመሳክሩ፤ ስልክ ቀለም ይለውጣል። ከተጠራጠሩ ዳይፐሩን ጠቅልለው ይዘው ይምጡ፤ ማንም አይስቅብዎትም። የቀለም ሥዕሎቹ ትክክለኛነታቸው ከተረጋገጠ በኋላ እዚህ ይወጣሉ። እስከዚያው ለመጠየቅ ይደውሉ፤»

ከ«ይደውሉ» በኋላ እጇ ቆመ። የጉበት ክፍሉ ስልክ ከምሳ በኋላ የሚያነሳው የለም፤ ከቅዳሜ ወዲያ ጭራሹን ባለቤት የለውም። የሆስፒታሉ ዋና ቁጥር ደዋዩን ከዘፈን ወደ ዘፈን ሲያንከራትት ይውላል። የኃላፊው ስልክ ሁልጊዜ ስብሰባ ላይ ነው። ካርዱን አየችው፣ ሰዓቱን አየች። የራሷን ቁጥር ጻፈች፤ አሃዞቹን ሁለት ጊዜ አረጋገጠችና ለጠፈችው።

አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ዳይሬክተሩ ሥዕል የሚለውን ቃል በንግግራቸው አሥራ አንድ ጊዜ አነሱት፤ የድረ ገጽ ሠሪዋ ከኋላ ረድፍ ተቀምጣ ቆጠረች። ከዚያ አዝራሩን ተጫኑ። ትልቁ ማያ ነጣ፣ ገጹም ወጣ፤ ርእስ፣ ሰባት መስመር ጽሑፍ፣ አንድ ስልክ ቁጥር። እጆች ለጭብጨባ ተነሥተው መሀል መንገድ ላይ ቀሩ። ኃላፊው ከፊት ረድፍ ዞሮ በሰዉ ትከሻ መሀል ዓይኖቿን ፈለገ፤ አገኛቸውም።

መጀመሪያ የተናገሩት ዶክተሯ ናቸው። ከተቀመጡበት ሳይነሡ፣ ማያው ላይ የተጻፈውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ፣ መድኃኒት እንደሚያዝዙ ሁሉ ቀስ ብለው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡት። ቁጥሩንም አነበቡ። ከኋላ አንዲት ነርስ አሃዞቹን ለመጻፍ እንዲደግሙላት ጠየቀቻቸው፤ ደገሙላት። ከዚያ በኋላ ጭብጨባው መጣ፤ የተበታተነና የተጠራጠረ፣ ለምን እንደሚያጨበጭብ ያላወቀ ጭብጨባ።

እንግዶቹ ወደ መስተንግዶው ሲሄዱ ኃላፊው አጠገቧ መጥቶ ቆመ። ብዙ ሊል የመጣ ሰው ነበር፤ ከአፉ የወጣው ግን ትንሽ ሆነ።

«የማን ቁጥር ነው?»

«የኔ።»

«የራስሽ? ሰው ሁሉ፣ በየሰዓቱ፣ ስለ…» ቃሉ እዚህም አልወጣ አለው። «ስለ ናሙናው ሊደውልልሽ?»

«ስለ ካካው» አለችው።

አንገቱን ነቀነቀ። ተናዶ ይሁን አዝኖላት አልታወቀም።

«በይ፣ ደግነቱ ለአንድ ቀን ነው። ነገ ሥዕሎቹ ሲመጡ ቁጥሩን ታነሽዋለሽ።»

እሺ ልትል ነበር። ቃሉ ተዘጋጅቶ ምላሷ ላይ ነበር። ነገ ሥዕሎቹ ይመጣሉ፤ ማስታወሻቸው እንዳልተጣለ ትመረምራለች፣ ለብርሃን ትቀይራቸዋለች፣ በሰባት ስልክ ላይ ትፈትሻቸዋለች። ስምንተኛው ስልክ ግን ይኖራል፤ መስታወቱ የተሰነጠቀ፣ ብርሃኑ የደከመ፣ በአንድ ቤት ጥግ አንዲት እናት በአንድ እጇ ዳይፐር፣ በሌላው ስልኩን ይዛ።

«ይቆያል» አለች። «ሥዕሎቹም ይገባሉ፣ ቁጥሩም ይቆያል።»

ኃላፊው ወደ እንግዶቹ ሄደ። የድረ ገጽ ሠሪዋ ቦርሳዋን ከፍታ ለስብሰባው ብላ ያጠፋችውን ስልኳን አበራች፣ ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፍ አደረገችና በእጇ እንደያዘችው ከአዳራሹ ወጣች።